ሪኮል የወጣባቸው ቀላል ቸርኬዎች፦ ላቆያቸው ወይስ ላውልቃቸው? (ቶዮታ 86፣ ደብረ ብርሃን)

ጠባሴ86፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ ምከሩኝ።

መኪናው የ2013 ቶዮታ 86 ነው፣ ማንዋል፣ ሞተሩ ያልተነካካ። ያለው ደብረ ብርሃን ሲሆን በየሁለት ሳምንቱ ወይ አዲስ አበባ ይወርዳል ወይ በጣርማበር በኩል ደብረ ሲና ደርሶ ይመለሳል። የገጠሙለት ቸርኬዎች ከፋብሪካው ጋር የመጡት አይደሉም። 17 በ8 ኢንች፣ ኢቲ 44 (የመግጠሚያው ፊት ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት፣ በሚሊ ሜትር)፣ ፍሎው ፎርምድ የሚባሉት ቀላል ቸርኬዎች ናቸው። በሚዛን አንዱ 7.6 ኪሎ ሲሆን የፋብሪካው 9.3 ነው። ከአሜሪካ አዲስ ሆነው የተገዙ ናቸው፣ ደረሰኙም አለ። ጎማው 215/45 አር 17 ነው።

አሁን የቸርኬው አምራች ሪኮል አውጥቷል፣ ማለትም በተወሰኑ ወራት የተመረቱትን ጉድለት ስላለባቸው መልሱልኝ ብሏል። ምክንያቱ በስፖኩ (መሃሉን ከጠርዙ በሚያገናኘው ክንድ) ሥር፣ ከጀርባ በኩል፣ ከመሃለኛው ገበታ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስንጥቅ መገኘቱ ነው። የአራቱም ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ አለ። በዓይን ሲታዩ ግን ንጹህ ናቸው፣ ባላንሳቸው ጥሩ ነው፣ ንፋስም አይቀንሱም። ባለፈው ዓመት በጥቁር ፓውደር ኮት (በምድጃ በሚበስል የዱቄት ቀለም) ተቀብተዋል።

የፋብሪካው አራት ቸርኬዎች ቤት አሉ። አንዱ ግን የውስጥ ከንፈሩ ጉድጓድ መትቶት ታጥፏል። ጥያቄዬ ስንጥቅ እስካልታየ ድረስ ቀላሎቹን እያየሁ መንዳት ይቻላል ወይ ነው። ካልሆነስ ሥሩን በአርጎን አስበይዶ ማጠናከር ያዋጣል? ለከተማ ብቻ ባደርጋቸውስ?


ዳዶና_ቡሎን፦
አውልቃቸው። ዛሬ። ሦስቱን ደህና የፋብሪካ ቸርኬ ግጠምና አራተኛው እስኪገኝ መኪናው ይቁም። ዝርዝሩን ሌሎች ይነግሩሃል፤ እኔ የማክለው ቸርኬውን ስለሚያስረው ዳዶ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ቸርኬ ሲቀየር ሁልጊዜ የሚበላሸው እሱ ነው።

86 ስሙ ቶዮታ ይሁን እንጂ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት) እና ፐርኖው (ዳዶው የሚገባበት ባለ ጥርስ ዘንግ) የሱባሩ ነው። ክሩ 12 በ1.25 ነው። ጎሚስታ ቤት በየጣሳው የሞላው የቶዮታ ዳዶ 12 በ1.5 ነው። ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባና ይይዛል፤ ከዚያ በአየር መፍቻ ሲመቱት የፐርኖውን ጥርስ ይበላዋል። ስለዚህ የራስህን ዳዶ ይዘህ ሂድ፣ መጀመሪያ በእጅ እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋግጥ። በእጅህ ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር ካልገባ አትንዳው። መቀመጫው ሾጣጣ፣ 60 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው የሌላ ቶዮታ ዳዶ እዚህ ላይ አይቀመጥም።

ማጥበቂያው 120 ኒውተን ሜትር ነው። በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቅህ፣ መጀመሪያ 40፣ ቀጥሎ 80፣ በመጨረሻ 120። ክሩ ላይ ዘይትም ቅባትም አታድርግ፤ ቅባት ካለው ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው መፍቻ) 120 ሲል ፐርኖው ከሚገባው በላይ ተለጥጧል።


ብረት_መርማሪ፦
ጥያቄህ ውስጥ አንድ ቃል አለች፣ ፍሎው ፎርምድ የምትለው። ብዙ ሰው እሷን ሲሰማ ቸርኬው በሙሉ እንደ ፎርጅድ የተቀጠቀጠ ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ ቸርኬው እንደማንኛውም በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ቀልጦ ይፈሳል፤ ከዚያ ጎማው የሚቀመጥበት በርሜሉ ብቻ እየጋለ፣ እየተሽከረከረ በሮለር ተጨፍልቆ ይሳባል። በርሜሉ ይሳሳል፣ ይጠነክራል፣ ክብደቱም የሚቀንሰው በዚያ ነው። ስፖኩና መሃለኛው ገበታ ግን እንደፈሰሱ የቀሩ ናቸው። ሪኮሉ የጠቀሰው ቦታ ስፖኩ ከገበታው የሚገናኝበት ነው፣ ማለትም ሮለር ያልነካው ክፍል። የቸርኬው ማስታወቂያ ስለ ጥንካሬ የሚለው ሁሉ ስለዚያ ቦታ አይናገርም።

እዚያ ቦታ ላይ ምን ይሆናል? መኪናው ሲታጠፍ የጎማው የጎን ኃይል ቸርኬውን ወደ ጎን ሊያጥፈው ይሞክራል። ቸርኬው እየዞረ ስለሆነ እያንዳንዱ ስፖክ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዴ ይለጠጣል፣ አንዴ ይጨመቃል። ጎማህ 215/45 አር 17 ስለሆነ ዙሪያው 1.96 ሜትር ገደማ ነው፤ በኪሎ ሜትር 509 ጊዜ ይዞራል። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሄጃው ብቻ ከ30 ሺህ ዙር በላይ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከ66 ሺህ ዙር በላይ። አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ብረት ‘ከዚህ በታች ብትጭነኝ ለዘላለም አልደክምም’ የሚለው ወሰን የለውም። ጭነቱ ትንሽም ቢሆን ድካሙ ይጠራቀማል። በሥሩ ላይ ያለው ክብ መታጠፊያ ጠባብ ከሆነ፣ ወይም ሲፈስ የገባች የአየር ቀዳዳ ከቆዳው አጠገብ ካለች፣ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ጉድጓድ መሬት ሲመታው ደግሞ የሺህ ዙሮችን ያህል ዕድሜ በአንዴ ይወስዳል።

ስለዚህ ‘አሁን ስንጥቅ የለም’ ማለት ‘አይሰነጠቅም’ ማለት አይደለም። ስንጥቁ ለረጅም ጊዜ ከዓይን በታች ሆኖ ያድጋል፤ ከታየ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ግን አጭር ነው። በየሳምንቱ ማየት የሚጠቅመው ዕድገቱን የሚያውቅ ሰው ምን ያህል ኪሎ ሜትር ከታየ በኋላ እንደሚሰበር ሲነግርህ ነው። ያንን ቁጥር አምራቹ ራሱ አልሰጠህም። መልሱልኝ ነው ያለህ።

የአንተ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ፓውደር ኮቱ። ዱቄቱ የሚበስለው ብዙ ጊዜ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈሰሰ የቸርኬ አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያገኘው ወደ 540 ዲግሪ ተሞቆ፣ ውሃ ውስጥ ተጠልቆ፣ ከዚያ 155 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት ‘እንዲያረጅ’ ተደርጎ ነው። ከዚያ በላይ ባለ ሙቀት እንደገና ካቆዩት ያለፈ እርጅና ይገባውና ይለሰልሳል። 200 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ከቆየ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ምድጃው የሙቀት መለኪያ ከሌለው ወይም የድሮውን ቀለም ለማቃጠል ጭምር ከተጠቀሙበት ግን ምን እንደደረሰበት ማንም አያውቅም። በዚያ ላይ ወፍራሙ ጥቁር ቀለም ጥቃቅን ስንጥቅን ድልድይ ሆኖ ይሸፍናል። ‘ንጹህ ነው’ ያልከው ቀለሙን ነው።

ብየዳን በሚመለከት፦ በፍጹም። የአርጎን ብየዳው ራሱ የሚያምር ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከብየዳው መስመር ግራና ቀኝ ያለው የጋለ ቀጠና ነው፤ እዚያ ያ ሁሉ የሙቀት ሕክምና ይጠፋና ብረቱ ከነበረው ጥንካሬ ብዙውን ያጣል። መልሶ ለማግኘት ቸርኬውን በሙሉ እንደገና 540 ዲግሪ አስገብቶ ማጥለቅ ያስፈልጋል፤ ሲጠልቅ ደግሞ ይጣመማል። ማለትም ማጠናከር የፈለግህበት ቦታ ላይ፣ ጭነቱ ከሁሉም በሚበዛበት ሥሩ ላይ፣ ደካማ ቀለበት ትሠራበታለህ።


ሰላ_ድንጋይ፦
ከብረት_መርማሪ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን ትንሽ አጥብቃችሁ አልያዛችሁትም? ሪኮል ሲወጣ አምራቹ ራሱን ለመጠበቅ ሰፊ መረብ ይጥላል። ከዝርዝሩ ውስጥ የሚሰነጠቀው ጥቂቱ ነው። ቀለሙን አስልጦ፣ በቀይ ቀለም ምርመራ አስመርምሮ፣ ንጹህ ከሆነ ከተማ ውስጥ በ40 ቢነዳው ምን ይሆናል? በየሦስት ወሩ ምርመራውን ይድገመው።


ብረት_መርማሪ፦
ሰላ ድንጋይ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። አብዛኞቹ ላይሰነጠቁ ይችላሉ የሚለውን እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ግን አልቀበልም።

አንደኛ፣ የቀይ ቀለም ምርመራ የሚያሳየው እስከ ቆዳው የወጣ ስንጥቅን ብቻ ነው። ከቆዳው 1 ሚሊ ሜትር ገባ ብላ ያለች ቀዳዳ አትታይም፤ ለእሷ ኤክስሬይ ያስፈልጋል። ጉድለቱ የመጣው ከአፈሳሱ ከሆነ ደግሞ ዋናው ችግር ውስጥ ነው ያለው። ሁለተኛ፣ የደብረ ብርሃን ከተማ መንገድ ቀላል ጭነት አይደለም። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተሰበረ አስፋልት ጠርዝ መምታት በ90 ለስላሳ መንገድ ላይ ከመሄድ ይብሳል። 45 ፕሮፋይል ጎማ የጎኑ ቁመት 97 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ንፋሱ ትንሽ ከወረደ ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል።

ሦስት ወር ያልከውም ከምን የመጣ ቁጥር ነው? ስንጥቁ በሦስት ወር ውስጥ ተጀምሮ የሚጨርስ ይሁን አይሁን ማናችንም መለካት አንችልም።

ምርመራውን ግን አትጣሉት። የሚጠቅመው ለእነዚህ ሳይሆን ለፋብሪካዎቹ አራቱ ነው፣ በተለይ ለታጠፈው። አሠራሩን ልጻፈው።

ሦስት ጣሳ ያስፈልጋል፦ ማጽጃ፣ ቀይ ዘልቆ ገቢ ፈሳሽ፣ ነጭ አውጪ። ሦስቱም የአንድ አምራች ቢሆኑ ይመረጣል። መጀመሪያ ቀለሙን በኬሚካል ማስለቀቂያ አንሳ። በአሸዋ ርጭት አታስለቅቅ፤ አሸዋው ለስላሳውን አሉሚኒየም እየጠፈጠፈ የስንጥቁን አፍ ይዘጋዋል፣ ከዚያ ቀዩ አይገባም። በሽቦ ብሩሽ ማሽንም እንደዚያው። ከዚያ በማጽጃው አጥበህ አድርቅ። ቀዩን ቀባ፣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ተወው። እዚህ ላይ ለደብረ ብርሃን የሚሆን ማሳሰቢያ፦ ፈሳሹ በደንብ የሚሠራው ቸርኬው ከ10 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ውርጭ እያለ ከቤት ውጭ ብትሠራው ወፍሮ አይገባም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አሙቀህ ሥራው፤ ካልሆነ 30 ደቂቃውን ሙሉ ተጠቀም።

ስታነሳው ማጽጃውን በቀጥታ ቸርኬው ላይ አትርጭ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን አጥቦ ያወጣዋል። ጨርቅ ላይ ርጨህ በጨርቁ ጥረግ፣ ጨርቁ ቀይ ማውጣቱን እስኪያቆም። ከዚያ ነጩን በስሱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ርጭ። ወፍራም ከሆነ ይሸፍነዋል። ከ10 ደቂቃ ጀምሮ ተመልከት። የተበታተኑ ቀይ ነጠብጣቦች የአየር ቀዳዳ ናቸው፤ ቀጭን ቀይ መስመር ስንጥቅ ነው። የምትፈልግባቸው ቦታዎች የስፖኩ ጀርባ ከገበታው የሚገናኝበት፣ የዳዶ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ የውስጥ ከንፈሩ መታጠፊያና የንፋስ ማስገቢያው ቀዳዳ ናቸው። መስመር ካየህ፣ በየትም ቦታ ይሁን፣ ያ ቸርኬ አለቀለት።


የሸኖ_ጎሚስታ፦
ስለ ታጠፈው ልናገር። ቸርኬ ቀጥ ይላል አይልም የሚለው እጥፋቱ የት እንዳለ ነው የሚወስነው። የውስጥ ከንፈሩ ብቻ ከሆነና ከስፖክ የራቀ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እጥፋቱ በስፖክ አናት ላይ ከሆነ፣ ወይም የውጭው ከንፈር ጭምር ከሄደ፣ አትንካው።

መጀመሪያ ግን ለካ። ጎማውን አውልቅ፣ ቸርኬውን ባላንስ ማሽኑ ላይ ወይም ራሱ መኪናው ሞዞ ላይ አስረህ፣ ዳያል መለኪያ (ጥቃቅን መዛባትን በመርፌ የሚያሳይ) ጎማው በሚቀመጥበት ወለል ላይ አስቀምጥና በእጅ አዙር። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን፣ ወደ ጎን የሚሄደውንም ለየብቻ አንብብ። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ባላንስ አድርገህ ትነዳዋለህ። ዳያል ከሌለህ አንድ ችንካር መሬት ላይ አስተክለህ ጫፉን ወደ ቸርኬው አስጠግተህ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ስስ ቅጠሎች) መለካት ትችላለህ፤ ያው ይሠራል።

ሲቃና በመዶሻና በእሳት አይሁን። ብዙ ቤት በጋዝ ችቦ ያግሉትና ይቀጠቅጡታል፤ ይቀናል፣ ግን ከላይ እንደተባለው ጥንካሬው ይጠፋል፣ በሚቀጥለው ጉድጓድ ይሰነጠቃል። ሃይድሮሊክ ማቃኛ ያለው ቤት አዲስ አበባ ይገኛል። ከተቃና በኋላ የቀይ ቀለም ምርመራው ይደገም፤ ሲቃና የሚሰነጠቅ ብዙ ነው።

ሌላ አንድ ልማድ አለ፣ በግልጽ እናገረዋለሁ። ቸርኬው ንፋስ ሲያወጣ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ውስጡ እናስገባለታለን። ብረት ቸርኬ ዝጎ ቢሆን አንድ ነገር ነው። አሉሚኒየም ቸርኬ ቀስ እያለ ንፋስ የሚያወጣ ከሆነ ግን ያ ንፋስ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስንጥቅ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ካላማዳሪ ስታስገባ ማስጠንቀቂያውን ታጠፋለህ፣ ስንጥቁ ይቀጥላል። በሳሙና ውሃ ዙሪያውን ቀብተህ አረፋው ከጎማው ጠርዝ፣ ከቫልቩ ወይስ ከብረቱ እንደሚወጣ እይ። ከብረቱ ከሆነ ቸርኬው ይወገድ።

የ86 የፋብሪካ ቸርኬ አንዱን ብቻ የምትፈልግ ከሆነ ሶማሌ ተራ ጠይቅ፤ ስትገዛ 17 በ7፣ ኢቲ 48፣ 5 በ100 (5 የዳዶ ቀዳዳ በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ)፣ የመሃል ቀዳዳው 56.1 መሆኑን ጀርባው ላይ አንብበህ ነው። የሱባሩ ቢአርዜድም አንድ ዓይነት ነው። 5 በ114.3 የሆነውን ‘ትንሽ ይገፋል’ ብለው ቢያስገቡልህ አትቀበል።


ጠባሴ86፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። አሁን ተግባብተናል፤ ቀላሎቹ ወርደዋል። ሁለት ነገር ቀረኝ። የታጠፈው ከንፈር ላይ በፊለር ጌጅ ሲለካ 2.2 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ 0.6 ወደ ጎን ነው፤ እጥፋቱ በሁለት ስፖኮች መካከል ነው። ሁለተኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ መኪናው በቀላሎቹ የተሻለ ይሄድ ነበር። ያንን ማጣት ምን ያህል ነው? ሌላ ቀላል ቸርኬ ልፈልግ?


ሰላ_ድንጋይ፦
ብረት_መርማሪ አሳምኖኛል፣ ሐሳቤን አንስቻለሁ። የሁለተኛውን እኔ ልመልስ፣ ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ።

በአንድ ቸርኬ ያተረፍከው 1.7 ኪሎ፣ በአራቱ 6.8 ነው። የሚዞር ክብደት መኪናውን ለማፍጠን ከቆመ ክብደት ይበልጣል፤ ሁሉም ክብደት ጠርዙ ላይ ቢሆን እንኳ ቢበዛ በእጥፍ ይቆጠራል። ስለዚህ ትርፉ ከ14 ኪሎ አይበልጥም። መኪናው ከነጂው ጋር 1,300 ኪሎ ገደማ ነው። 1 በመቶ።

አሁን ከፍታውን ተመልከት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ የአየሩ ውፍረት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ቀንሷል። ሞተርህ ቱርቦ የለውም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው 200 ፈረስ ጉልበት እዚያ 150 ገደማ ነው። ከፍታው 50 ፈረስ ጉልበት ሲወስድ ቸርኬው የመለሰልህ ከሁለት አይበልጥም። ጥቅሙ ማፍጠን ላይ ብቻ አይደለም የሚል ካለ ልክ ነው፦ ቀላል ቸርኬ ጉድጓድ ላይ ጎማው ቶሎ ተመልሶ መሬት እንዲይዝ ይረዳል። ያንን ግን በ2.4 ባር ልክ ያለ ንፋስና በጥሩ ሾክ አብሶርበር ታገኘዋለህ።

ሌላ ከገዛህ ጀርባው ላይ ሦስት ነገር አንብብ። ጄደብሊውኤል የሚለው ምልክት አምራቹ ራሱ በጃፓን ደረጃ ፈትኛለሁ ማለቱ ነው። ቪአይኤ የሚለው ምልክት ካለበት ሌላ ገለልተኛ አካል ፈትኖታል፤ ይህኛው ይበልጣል። ሦስተኛው የመሸከም አቅሙ በኪሎ ነው። የመኪናህ በር መቃን ላይ ካለው ሰሌዳ የአንዱን አክስል ትልቁን ጭነት ወስደህ ለሁለት አካፍል፤ የቸርኬው ቁጥር ከዚያ መብለጥ አለበት። ለእኛ መንገድ እኔ አንድ አምስተኛ ጨምሬ ነው የምመርጠው። ቁጥሩ የማይነበብ ወይም የሌለበት ከሆነ አስመስሎ የተሠራ ነው፣ ምንም ያህል ቢያምር።

እኔ ብሆን የምመርጠው ግን ወደ 16 መውረድ ነው። 205/55 አር 16 ይሆናል፤ ዲያሜትሩ በ1 በመቶ ብቻ ነው የሚበልጠው፣ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም፤ የጎማው ጎን 113 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በአንዳንድ አገር 86 ከፋብሪካው በዚህ ልክ ይወጣ ነበር። የፊት ካሊፐርህን (የፍሬን ሸራውን የያዘውን ክፍል) ግን ለካ፤ በካሊፐሩና በቸርኬው መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መቅረት አለበት፣ ከዚያ በታች ከሆነ ጠጠር ይነክሰዋል።


የሸኖ_ጎሚስታ፦
2.2 በሁለት ስፖክ መካከል፣ ወደ ጎን 0.6። ይቃናል። አስቀድመህ ግን ምርመራውን አድርግ፤ ስንጥቅ ካለ የማቃኛ ገንዘብ አታውጣ። ከተቃና በኋላ የኋላ ላይ ግጠመው፣ የፊት ላይ አታድርገው፤ የቀረችው ትንሽ መዛባት በመሪ ላይ ትሰማለች።

እስከዚያ በስኮርታ (በተጠባባቂ ጎማ) እነዳለሁ ካልክ፣ ጊዜያዊዋ ቀጭን ስኮርታ ከሆነች ንፋሷ 60 ፒኤስአይ፣ ፍጥነቷ ከ80 አይለፍ። መኪናህ መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል (ኤልኤስዲ) ካለው ኋላ ላይ አታስራት፤ የዲያሜትሩ ልዩነት ዲፈረንሻሉን ሲያሠራው ይውላል። አንዱን የፊት ጎማ ወደ ኋላ አዙር፣ ስኮርታዋን ፊት እሰር። ጣርማበርን ግን በሷ አትውረድ።


ዳዶና_ቡሎን፦
አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ፓውደር ኮት ሲባል ትዝ አለኝ። የፋብሪካዎቹንም ለማስቀባት ከፈለግህ የዳዶው መቀመጫና የመሃለኛው ገበታ ጀርባ እንዳይቀባ በሙቀት ቴፕ ይሸፈን። ዳዶው የተቀመጠበት ቀለም ሲሞቅና ሲጨፈለቅ ይሳሳል፣ 120 የነበረው ማጥበቂያ በራሱ ይወርዳል። ዳዶ ላላ የሚለው ግማሹ ከዚህ ነው።

የሞዞውንም ፊት በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን አንሳ። ቸርኬውና ሞዞው መካከል ዝገት ካለ ያው ነው፤ እየነዳህ ይደቅና ዳዶው ይላላል።


ብረት_መርማሪ፦
ስለ ቀላሎቹ ዕጣ አንድ ሁለት ነገር።

መጀመሪያ ቸርኬዎቹ በእርግጥ የአምራቹ መሆናቸውን አረጋግጥ፤ አስመስሎ የተሠራ ከሆነ ሪኮሉ አይመለከተውም፣ እሱም ራሱን የቻለ የባሰ ችግር ነው። የፈሰሰ ቸርኬ ጀርባው ላይ ክብ የቀን ምልክት አለው፤ መሃሉ ላይ ዓመቱ፣ ዙሪያው ላይ ወራቱ በነጥብ ወይም በቀስት። ያ ቀን ሪኮሉ ከጠቀሳቸው ወራት ጋር መግጠም አለበት። የአራቱንም ቀን፣ ተከታታይ ቁጥርና የጀርባውን ሙሉ ፎቶ አንሳ፣ ከደረሰኙ ጋር ለአምራቹ በኢሜይል ላክ። በአሜሪካ ሕግ ቸርኬ የተሽከርካሪ ዕቃ ነው፤ መጀመሪያ የተገዛበት ቀን ከ15 ዓመት ካልበለጠ ማስተካከያው፣ ማለትም መተካት ወይም ገንዘብ መመለስ፣ በነፃ ነው። ውጭ አገር ላለ ሰው ምን እንደሚያደርጉ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቸርኬውን ከመላክ የተቆረጠበትን ፎቶ መቀበል ይቀላቸዋል። እስኪመልሱልህ አትቁረጠው።

ለማንም አትሽጥ። እዚያው ሕግ ውስጥ ሪኮል የወጣበትን ዕቃ ሳይስተካከል ለመኪና እንዲገጠም መሸጥ የተከለከለ ነው። ሕጉ እዚህ ባይደርስም ምክንያቱ ይደርሳል። አራት የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች በርካሽ ከወጡ የሚገዛቸው በሚኒባስ ሰው የሚጭን ሊሆን ይችላል።

ስትቆርጣቸው ስፖኮቹን ሁሉንም፣ በርሜሉንም አንድ ቦታ በግራይንደር ቁረጥ፤ ከዚያ ለአሉሚኒየም ሰብሳቢ በኪሎ ይሄዳል። ከመቁረጥህ በፊት ግን ጀርባውን ትንሽ ፍቀህ ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት። አሉሚኒየም ዝም ይላል። ማግኒዚየም ከሆነ አረፋ ያወጣል። የአንተዎቹ አሉሚኒየም ናቸው፣ ግን ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው የማግኒዚየም ቸርኬ ሊኖረው ይችላል፦ የማግኒዚየም ብናኝ በግራይንደር ብልጭታ ይቀጣጠላል፣ ውሃ ከደፉበት ይብሳል። ደረቅ አሸዋ አጠገብህ ይሁን።


ጠባሴ86፦
ግልጽ ነው። የቀኑ ምልክት ታይቷል፣ ሦስቱ ሪኮሉ ውስጥ ባለ አንድ ወር፣ አራተኛው በሚቀጥለው የተሠሩ ናቸው። ኢሜይሉ ሄዷል። የመጨረሻ ጥያቄ ስለ ንፋስ፦ በር ላይ 35 ፒኤስአይ ይላል። ደብረ ብርሃን በጠዋት ብርድ ሞልቼ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ልቀንስለት?


ሰላ_ድንጋይ፦
አትቀንስ። ሁለት ነገር እርስ በርስ ይጋፋል። መለኪያው የሚያነበው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው። ከ2,840 ሜትር ወደ 1,280 ሜትር ስትወርድ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር፣ ከፍታው ብቻውን መለኪያውን 2 ፒኤስአይ ያህል ያወርደዋል። ከ5 ዲግሪ ወደ 30 ዲግሪ መሞቁ ደግሞ 4 ያህል ይጨምራል። ጠዋት ደብረ ብርሃን 35 የሞላኸው ሸዋ ሮቢት ጥላ ሥር ቆሞ ሲቀዘቅዝ 37 አካባቢ ይሆናል፤ ያ ችግር የለውም። እንደወረድክ፣ ጎማው በፍሬንና በመንገድ ጋሎ ሳለ ብትለካው ከዚያም ይበልጣል፤ እሱን አይተህ ካስተነፈስክ ማታ ደብረ ብርሃን ስትመለስ ከ35 በታች ታገኘዋለህ፣ ጠዋት ጉድጓድ ሲያገኝህ ቸርኬው ነው የሚከፍለው።

ቁልቁለቱን ደግሞ በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ ውረድ። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በፍሬን ብቻ ከወረድከው ሙቀቱ ሁሉ ዲስኩ፣ ሞዞውና ቸርኬው ላይ ይቀራል። ጭጋግ ካለ ከዋሻው በፊት ማርሹን ቀንሰህ ግባ።


ዳዶና_ቡሎን፦
ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ሸኖ ስትደርስ ቁም፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሻይህን ጠጣ፣ ቸርኬው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ከዚያ ቶርክ ሬንቹን 120 ላይ አድርገህ ሃያውንም ዳዶ አንድ በአንድ ሞክር። ሬንቹ ወዲያው ጠቅ ካለ ደህና ነው። ከጠቅታው በፊት ሩብ ዙር የሄደ ዳዶ ካለ ጥብቅ አድርገህ ብቻ አትለፈው፤ ያንን ቸርኬ አውልቀህ መቀመጫውን ተመልከት፣ ቀለም ወይም ዝገት ቀርቷል።